የሥራውን ስም ሳይሆን የሥራውን ውሎ መምረጥ፦ በሙያቸው ደስታንና እርካታን ለሚሹ ዝርዝር መመሪያ

በጎንደር አንድ ልጅ ፊደል መቁጠር ሲጀምር ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። መልሱ ብዙውን ጊዜ ከአራት ወይም ከአምስት የሙያ ስሞች አይዘልም። ልጁ «ሐኪም» ወይም «ፓይለት» ሲል ቤተሰቡ ይመርቀዋል፤ ያ ስም ግን በየዕለቱ ከጠዋት እስከ ማታ ምን እንደሚያሠራ የሚነግረው ሰው የለም። እኔም በዚሁ መንገድ የሒሳብ አያያዝ አጥንቼ በአንድ መሥሪያ ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ደመወዙ አላነሰኝም፣ አለቃዬም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሆኖም እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ሆዴን ባር ባር ይለው ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። ያ ጊዜ በሌሎች ላይ እንዳይባክን በማሰብ፣ ለራሴ የሠራልኝንና ኋላም ለተማሪዎቼ ያሳየሁትን አካሄድ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ። ሁሉም ደረጃዎች የሚነሡት ከአንድ ሐሳብ ነው፤ ሰው ሲመረቅና ሲተዋወቅ የሙያውን ስም ይጠራል፣ ዕድሜውን የሚያሳልፈው ግን በሙያው ውሎ ውስጥ ነውና ሊመረጥ የሚገባው ውሎው ነው።

አንደኛ፦ የሁለት ሳምንት ውሎዎን ይመዝግቡ

አንድ ደብተር ይግዙና ገጹን በሦስት ይክፈሉት። በመጀመሪያው ዓምድ ምን እንደሠሩ፣ በሁለተኛው ሰዓቱ እንዴት እንዳለፈ፣ በሦስተኛው ሥራው ሲያልቅ ምን እንደተሰማዎ ይጻፉ። ምዝገባው በዚያው ዕለት ማታ መሆን አለበት፤ ሦስት ቀን ከቆየ ትዝታችን እንደ ስሜታችን ይለዋወጣል። «ጥሩ ቀን ነበር» የሚል ጥቅል ቃል አይጠቅምም፤ የሠሩትን ነገር በግስ ይግለጹት፤ ቆጠርሁ፣ አስረዳሁ፣ ጠገንሁ፣ አስታረቅሁ፣ ጠበቅሁ ይበሉ።

ከራሴ ደብተር አንዱን ቀን እንዳለ ልጥቀስ፦ «ማክሰኞ። ከ3 እስከ 6 ሰዓት ደረሰኝ ከመዝገብ ጋር ማስተያየት። ሰዓቱ አልሄድ አለ፤ ሁለት ጊዜ ለሻይ ወጣሁ። 9 ሰዓት ላይ አዲስ ለተቀጠረችው ልጅ የወጪ ማዘዣ አሞላል ማሳየት ጀመርሁ። ቀና ስል 11 ሰዓት ሆኗል።» ሁለቱን ሳምንት ጨርሼ ደብተሩን ከላይ እስከ ታች ሳነበው ይኸው ነገር አምስት ጊዜ ተደጋግሞ አገኘሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሒሳብ የጠላሁ ይመስለኝ ነበር፤ የጠላሁት ግን ከቁጥር ጋር ብቻዬን መዋሉን ነበር። ዛሬ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ያንኑ የሒሳብ አያያዝ አስተምራለሁ። የሙያዬ ስም ብዙም አልተለወጠም፤ ውሎዬ ግን ፈጽሞ ሌላ ሆኗል። ደብተሩን ባልጽፍ ኖሮ ምናልባት እስከ ዛሬ ከሒሳብ ለመሸሽ ስል የማላውቀውን ሌላ ሙያ ሳሳድድ እገኝ ነበር።

ገና ተማሪ የሆኑ ወይም ሥራ ያልያዙ አንባቢዎችም ይህን ደረጃ አይዝለሉት። የሰፈር ልጆችን የእግር ኳስ ውድድር ማደራጀት፣ የጎረቤትን ስልክ መጠገን፣ በድግስ ቤት መስተንግዶውን መምራት፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በመድረሳ ታናናሾችን ማስተማር ደመወዝ ባይኖራቸውም ሥራ ናቸው፤ ስለ ሰውየው የሚናገሩትም ከፈተና ውጤት ባልተናነሰ ነው።

ሁለተኛ፦ በደብተሩ ውስጥ ሦስት ነገሮችን ይፈልጉ

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰው በሚሠራው ነገር ልቡ እንዲረካ ሦስት መሠረታዊ ፍላጎቶቹ መሟላት እንዳለባቸው ለአሥርተ ዓመታት ባካሄዱት ጥናት አሳይተዋል። እነዚህም በገዛ ፈቃድ የመሥራት ስሜት፣ እየቻልሁ ነው የማለት ስሜት፣ እንዲሁም ከሌሎች ጋር የመተሳሰር ስሜት ናቸው።

የመጀመሪያውን ለመረዳት ከፒያሳ ወደ ማራኪ በተመሳሳይ መንገድ ቀኑን ሙሉ የሚመላለሱ ሁለት የባጃጅ ሹፌሮችን ያስቡ። አንዱ በራሱ ባጃጅ ይሠራል፤ ሌላው በየማታው ለባለንብረቱ የተቆረጠ ገቢ ማስረከብ አለበት። መንገዱ፣ ፀሐዩና ተሳፋሪው አንድ ሆኖ ሳለ ሲደክመው ጥላ ሥር ማረፍ የሚችለው የመጀመሪያው ብቻ በመሆኑ የሁለቱ ውሎ ለየቅል ነው። ሁለተኛው ፍላጎት እጅ ሲፈታ የሚመጣውን ደስታ የሚመለከት ሲሆን በመጨረሻው ደረጃ እመለስበታለሁ። ሦስተኛው ከማን ጋር እንደምንውልና የሠራነው ለማን እንደሚደርስ ይጠይቃል። በደብተርዎ ውስጥ ደስ ያለዎትን ቀን ሁሉ እየለዩ ከሦስቱ የትኛው እንደተሟላበት፣ በከፋዎት ቀን ደግሞ የትኛው እንደጎደለ ከጎኑ ምልክት ያድርጉ። ብዙ ሰው ሥራውን በሙሉ የጠላ እየመሰለው የጎደለበት ግን አንዱ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛ፦ የሚያስቡትን ሥራ ውሎ ቦታው ድረስ ሄደው ይዩ

ከደረጃዎቹ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ሰው በብዛት የሚዘለውም ይህንኑ ነው። አገራችን ግን የቆየ ምሳሌ አላት። የአብነት ተማሪ ድጓ ለመማር ወደ ጋይንቷ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አባ፣ አቋቋም ለመማር ወደ ጎንደር በዓታ በእግሩ እየተጓዘ ከመምህሩ ሥር ይቀመጥ ነበር። ስለ አቋቋም የሚነገረውን በሩቅ ሰምቶ የሚወስን አልነበረም፤ ጸናጽሉንና መቋሚያውን የያዙትን ሊቃውንት አጠገባቸው ሆኖ እያየ፣ የሌሊቱን ቁመትና የዜማውን ጣዕም አብሮ እየቀመሰ ነበር የሚማረው። ዛሬ አንድ ወጣት አራትና አምስት ዓመት የሚፈጅ ትምህርት ሲመርጥ የሙያውን ባለቤት ለአንድ ቀን እንኳ አጠገቡ ቆሞ አለማየቱ እጅግ ያሳዝነኛል።

አንዲት ተማሪዬ ልብስ ስፌት ልማር ብላ ባማከረችኝ ጊዜ፣ ጥምቀት አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ አራዳ አካባቢ ከሚሠሩ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ዘንድ አስፈቅደን አብረን ዋልን። ሰውየው በ2 ሰዓት ሱቃቸውን ከፍተው በመጀመሪያው ሰዓት አንድም ስፌት አልሰፉም፤ መኪናውን አጸዱ፣ ዘይት ቀቡት፣ የተሰበረ መርፌ ለወጡ፣ የትናንት ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠረጉ። ከዚያ ደንበኞች መምጣት ጀመሩ። ልኬት ይወስዳሉ፣ በጠመኔ ያሰምራሉ፣ በመሐል «ለከተራ ይደርሳል ወይ?» ለሚል ስልክ ይመልሳሉ። ወደ 5 ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ፤ የኤሌክትሪኩን ካውያ አስቀምጠው የከሰሉን አወጡና ፍሙን እያራገቡ ሥራቸውን ቀጠሉ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት የተሰፋላቸውን ቀሚስ ለብሰው «እጅጌው ጠበበኝ» ብለው ተቆጡ። ልብስ ሰፊው ምንም ሳይመልሱ ቀሚሱን ተቀበሉ፤ የእጅጌውን ስፌት በምላጭ ጫፍ አንድ በአንድ፣ ጥልፉ እንዳይነካ ጨርቁን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው እየያዙ ፈቱት። ይህ ብቻውን አንድ ሰዓት ወሰደ። ማታ በ12 ሰዓት ስንሰናበታቸው ለልጅቱ እንዲህ አሏት፦ «ልጄ፣ መስፋቱን በስድስት ወር ትለምጂዋለሽ። ሰው መቻሉን ግን እኔም ገና እየተማርሁ ነኝ።»

ልጅቱ በማስታወሻዋ ላይ ሰዓቱን ስትመዘግብ ውላ ኖሮ፣ ከአሥሩ ሰዓት ውስጥ መኪናው የዞረው ከአራት ሰዓት በታች መሆኑን ነገረችኝ። የተቀረው ልኬት፣ ንግግር፣ ጥገናና ይቅርታ ነበር። እሷን የማረካት ጨርቁ ተለክቶ የሚቀደድበት ጊዜ ብቻ ሆኖ በመገኘቱ ቅድ ላይ ያተኮረ ሥልጠና መረጠች። ያን ቀን ባትውል ኖሮ ይህን ልዩነት በምን ታውቀው ነበር?

እርስዎም ሲሄዱ ባለሙያውን «ሥራው ጥሩ ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ ይሉኝታ ስላለ መልሱ «ተመስገን» ብቻ ይሆናል። ይልቁንም ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ምን ምን እንደሠሩ፣ በሳምንቱ ውስጥ በጣም የሚያሰለቻቸው የትኛው ሰዓት እንደሆነ፣ ክረምት ሲገባ ሥራው ምን እንደሚመስል፣ አብረዋቸው ጀምረው የተዉት ሰዎች ለምን እንደተዉት በትሕትና ይጠይቁ። ቢያንስ ሦስት ባለሙያዎች ዘንድ ይዋሉ፤ አንዱ ጀማሪ፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ብዙ ዘመን የሠራ ቢሆን መልካም ነው። ባዶ እጅ መሄድም ነውር ስለሆነ ቡና ይዘው ይሂዱ፤ ቢያንስ ሱቅ በመጥረግ ያግዙ።

አራተኛ፦ የገንዘቡን ሒሳብ በወረቀት ላይ ይሥሩ

ስለ እርካታ የሚመክሩ ብዙ ሰዎች ገንዘብን እንደ ርኩስ ነገር ሲያልፉት አያለሁ፤ ይህ ለእኔ ትክክል አይደለም። የቤት ኪራይ የጨነቀው ሰው በሚወደውም ሥራ ላይ ሆኖ እንቅልፍ አያገኝም። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ያውጡ። የመጀመሪያው ከዚያ በታች መኖር የማይቻልበት ወርኃዊ ወጪ ነው፤ ኪራይ፣ አስቤዛ፣ መጓጓዣ፣ ለወላጅ የሚላክ፣ የዕድር መዋጮ ይገቡበታል። ሁለተኛው ዕቁብ ለመጣልና ለክፉ ቀን ለማስቀመጥ የሚያስችለው ነው። አንድ ሥራ የመጀመሪያውን ቁጥር ካልሸፈነ ቢወዱትም በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ይሁን፤ ሁለተኛውን ከሸፈነ ግን ከዚያ በላይ ለሚጨመረው ብር ሲባል የተጠላ ውሎ መምረጥን ደጋግመው ያስቡበት።

ሥራዎችን ሲያወዳድሩ በደመወዝ ወረቀቱ ላይ የማይታየውንም ይቁጠሩ። መደበኛ ቅጥር ውስጥ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ሲያዋጣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል፤ የግል ሥራ ላይ ያለ ሰው ይህን ከራሱ ኪስ ማሰብ አለበት። የወቅቱን ነገርም አይርሱ። ፋሲል ግቢና የሰሜን ተራሮች በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ብዙ የከተማችን ሰው በአስጎብኚነትና በሆቴል ሥራ ኖሯል፤ ነገር ግን በኮቪድ ወረርሽኝና እሱን ተከትሎ በመጣው የፀጥታ ችግር እንግዳው ሲቀር፣ ከአስጎብኚዎቹ የተሻለ የተቋቋሙት ከጎኑ ቋንቋ ማስተማርን ወይም ሌላ ሙያን የያዙት እንደነበሩ በዓይኔ አይቻለሁ። የሚወዱት ሥራ እንዲህ በውጪ ሁኔታ የሚናወጥ ከሆነ ከመጀመሪያው ሁለተኛ ሙያ ያዘጋጁለት።

አምስተኛ፦ ቤተሰብን አስረድተው ይያዙ

በእኛ አገር ሥራ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። አባት ልጁን አስተምሮ «ልጄ እንዲህ ሆነልኝ» ብሎ በዕድር ላይ የሚናገረው ነገር ይፈልጋል፤ ይህን መናቅ አይገባም። ወላጅ አንድን ሙያ ሲቃወም ከቃሉ በስተጀርባ ብዙውን ጊዜ ያለው ልጄ ይራብብኛል የሚል ፍርሃት ነው። ስለዚህ ክርክር ይዘው ሳይሆን ሒሳብ ይዘው ይቅረቡ። «አባዬ፣ ያሰቡልኝ ሁሉ ለእኔ ብለው መሆኑን አውቃለሁ። ይህን ሥራ ሦስት ወር ሞክሬ ገቢና ወጪውን ጽፌዋለሁ፤ ይዩልኝና ይምከሩኝ» ማለት በር ይከፍታል። ነገሩ ከከረረ አባትዎ የሚያከብሩትን አጎት ወይም የንስሐ አባት ይላኩ፤ ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ብቻ አይደለም።

ሌላው እንቅፋት የእጅ ሥራን መናቅ ነው። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውንና ብረት ቀጥቃጩን በስድብ ስም መጥራት በአገራችን ሥር የሰደደ በደል ነበር፤ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲታረም አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ጎንደር ግን ራሷ የእጅ ባለሙያ ሥራ ናት። አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ዋና ከተማቸው ካደረጓት በኋላ እነዚያን ግንቦች ድንጋይ በድንጋይ ያቆሙት፣ ኖራውን ያነጠሩት፣ በሩን የጠረቡት ባለሙያዎች ናቸው፤ የቤተ እስራኤል ብረት ሠሪዎችና ሸክላ ሠሪዎች ይኖሩባት የነበረችው፣ ከከተማዋ አጠገብ ያለችው የወለቃ መንደርም እስከ ዛሬ በሸክላዋ ትታወቃለች። ልጅዎ አናጢ ወይም ብየዳ ሠራተኛ ልሁን ሲል የሚያፍሩ ወላጅ ካሉ፣ ይህን መመሪያ የሚያነብቡት ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለራስዎም ነው ብዬ እለምንዎታለሁ።

ስድስተኛ፦ ሳይለቁ ይሞክሩ፣ ሲለቁም በሥርዓት ይልቀቁ

ቅዳሜን፣ የክረምት ዕረፍትን ወይም የዓመት ፈቃድን ለሙከራ ያውሉ። ሦስት ወር ያህል ከሞከሩ በኋላ ወደ አንደኛው ደረጃ ደብተር ተመልሰው አዲሱን ውሎ በዚያው መንገድ ይመዝግቡ። በግል ድርጅት የተቀጠሩ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሰጥዎን ይወቁ፤ የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፣ በዚያ ጊዜ ሥራው ካልተስማማዎ ያለ ማስጠንቀቂያ መተው ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ። የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀትዎን ሳይቀበሉ አይውጡ። ተጣልቶ መውጣት በተለይ እንደ ጎንደር ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ለዓመታት ይከተላል።

ሰባተኛ፦ መልቀቅ ካልተቻለ ውሎውን ከውስጥ ይለውጡ

ሁሉም ሰው ሥራ የመለወጥ ዕድል የለውም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሚ ሬዝኒየውስኪና ባልደረቦቿ በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሰዎች ሥራቸውን በሦስት መንገድ እንደሚያዩት ገልጸዋል፤ እንደ እንጀራ፣ እንደ ዕድገት መሰላል፣ ወይም እንደ ጥሪ። የሚያስደንቀው፣ አንድ ዓይነት የቢሮ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ጭምር በሦስቱ መካከል በእኩል የተከፋፈሉ ያህል መሆናቸው ነው። ይህችው ተመራማሪ በኋላ ከሌላ ባልደረባዋ ጋር በጻፈችው ሥራ ውስጥ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞች ይነሣሉ፤ አንዳንዶቹ ሥራቸውን ወለል መወልወል ብለው ሲቆጥሩት ሌሎቹ ከታማሚዎች ጋር እየተጫወቱ፣ ጠያቂዎችን መንገድ እያሳዩ፣ ራሳቸውን እንደ አንድ የሕክምናው አካል ያዩ ነበር።

የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የተወለደው በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን አንድ ላይ ከሚያሠለጥን ኮሌጅ ነው። መጸዳጃ የሚያስቆፍረውና ምንጭ የሚያጎለብተው ባለሙያ ከነርሷና ከጤና መኮንኑ ጋር አንድ ቡድን ሆኖ ወደ ገጠር ይወጣ ነበርና የሥራው ፍሬ ለማን እንደሚደርስ ግልጽ ነበር። እርስዎም የሠሩት ነገር በመጨረሻ ማን እጅ እንደሚገባ ተከትለው ሄደው ይዩ፤ ከሥራዎ ውስጥ የሚወዱትን ክፍል በሳምንት አንድ ሰዓት እንዲጨመርልዎ አለቃዎን ይጠይቁ፤ የሚጠሉትን ክፍል ከሚወደው ባልደረባ ጋር ይለዋወጡ። እኔ መሥሪያ ቤቱን ከመልቀቄ በፊት አዳዲስ ሠራተኞችን የማሠልጠኑን ሥራ ጠይቄ ስወስድ የመጨረሻው ዓመት ከሦስቱ ቀድሞ ካለፉት ዓመታት ቀልሎኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። ሐዘኑ በዕረፍት ቀንም ካልለቀቀ፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ፣ ከሚወዷቸው ሰዎች ጋር መሆንም ካልጣመ፣ ችግሩ የሙያ ምርጫ ላይሆን ስለሚችል ሥራ ከመለወጥ በፊት የጤና ባለሙያ ያማክሩ።

ስምንተኛ፦ ለአዲሱ ሥራ ጊዜ ይስጡት፣ ከዚያም መልሰው ይመርምሩ

ፖል ኦኪፍ፣ ካሮል ድዌክና ግሪጎሪ ዋልተን በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች በጠፈር ስላሉ ጥቁር ጉድጓዶች ማራኪ ፊልም ካዩ በኋላ ከባድ ሳይንሳዊ ጽሑፍ እንዲያነብቡ ተደርጓል። ፍላጎት አብሮ የሚወለድና ተፈልጎ የሚገኝ ነገር ነው ብለው የሚያምኑት ጽሑፉ ሲከብዳቸው ጉጉታቸው ይበልጥ ወደቀ፤ ፍላጎት የሚያድግ ነገር ነው ብለው የሚያምኑት ያን ያህል አልወደቀባቸውም። ከላይ በሁለተኛው ደረጃ ያቆየሁት የችሎታ ነገር እዚህ ይመጣል። ልጆች «ሀ ሁ ሂ» ሲሉ የፊደል ገበታው አይጣፍጣቸውም፤ ማንበብ የሚጣፍጣቸው ፊደሉ ከዓይናቸው ቀድሞ ወደ አፋቸው መምጣት ሲጀምር ነው። የማስተማር ሥራዬ የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት እኔንም ጉሮሮዬ እየደረቀና ጠመኔው ከእጄ እየወደቀ ነው ያለፉት። በዚያ ጊዜ ብፈርድ ኖሮ ተሳስቻለሁ ብዬ እመለስ ነበር።

ስለዚህ ስድስት ወር ሳይሞላ አይፍረዱ። ሲሞላ አዲስ የሁለት ሳምንት ምዝገባ ያካሂዱና ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን ዘርግተው ያንብቡ። ሰዓቱ ሳይታወቅ ያለፈባቸው መስመሮች ከበዙ፣ የቀሩት አሰልቺ ሰዓቶች በሙያው ውስጥ የማይቀሩ መሆናቸውን ተቀብለው ይቀጥሉ። ካልበዙ ደግሞ የጎደለው ከሦስቱ ፍላጎቶች የትኛው እንደሆነ ይለዩ፤ ነፃነት ወይም የሰው ቅርበት ከሆነ ሰባተኛውን ደረጃ ይሞክሩ፤ የሥራው ዋና ተግባር ራሱ ካልጣመ ግን ወደ ሦስተኛው ተመልሰው ሌላ ባለሙያ ዘንድ አንድ ቀን ይዋሉ።